ጄኔሬተር በቤታችን፦ ብርሃኑ ለእኛ፣ ጭሱ ለማን?

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ የሺንሺቾ ከተማ ነዋሪ የሆኑ አንድ ኢማም በሙስሊሞች የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።)

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጄኔሬተር ነው። «ኢማሙ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆኑት?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እስከ መጨረሻው ካዳመጣችሁኝ ግን ጉዳዩ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን አብረን እናያለን። ነፍስን መጠበቅ ደግሞ ሸሪዓችን ከቆመላቸው አምስት ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው።

በተራዊሕ ሌሊት የሆነው

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር በመላ አገራችን የመብራት ፈረቃ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት ማጋጠሙ በመንግሥት ተገልጾ ነበር። ግድቡ የተሠራበት የኦሞ ወንዝ በጠምባሮ በኩል የሚያልፍ የእኛው ጎረቤት ነው። የወንዙ ጎረቤት መሆናችን ግን ከፈረቃው አላዳነንም። ያ ወር ደግሞ የ1440 ዓ.ሂ. ረመዳን ነበር።

የሰፈራችን ጀመዓ «ተራዊሕ በጨለማ አይሁንብን» ብሎ ገንዘብ አዋጣና አንዲት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ተገዛች። ወቅቱ ዝናብ ነው። «ዝናብ እንዳይመታት በረንዳው ሥር አድርጓት» ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። በረንዳው ያለው በእህቶቻችን መስገጃ በኩል ነው። ብርድ ነውና በሩ ገርበብ ብሏል፣ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። መብራቱ ቦግ አለ። ጀመዓው ደስ አለው። እኔም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ሶላቱ ሲጋመስ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር ዱብ የማለት ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የልጅ ለቅሶ መጣ። አሰላምቼ ስነሳ አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ወድቃለች። ሁለት ልጃገረዶች ያስመልሳቸዋል። አንዲት እናት ደግሞ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል። አንዱ «ጾሙ ነው» አለ፤ ሌላው «ምች ነው» አለ፤ «ጂን ሳይሆን አይቀርም» ያለም አልጠፋ። እኔም ውኃ አስመጥቼ ልቀራባት ተዘጋጀሁ።

አላህ ይዘንላትና፣ የጤና ባለሙያ የሆነች አንዲት እህት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ኡስታዝ፣ መቅራቱ ይደርሳል! መጀመሪያ ሞተሩን አስጠፉ! ሰዎቹን ወደ ውጭ አውጡ!» አለች። እንዳለችው አደረግን። የወደቀችውን እህት ተሸክመን ወደ ሕክምና ወሰድናት፤ ኦክስጅን ተሰጣት። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ተረፉ። ያኔ በማሕፀን የነበረው ልጅ ዛሬ በመድረሳችን አሊፍ ባ ይቆጥራል። እኔ ግን ያንን ልጅ ባየሁ ቁጥር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያቺ እህት በዚያ ሌሊት ለተራዊሕ ባትመጣ ኖሮስ? ስንት ጀናዛ እሰግድ ነበር? ዱዓውንስ በምን ፊቴ አደርገው ነበር?

የማይታየው ጠላት

ውድ አድማጮች፣ ቤንዚን በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፤ ዓይንንም አያቃጥልም። ከማርሚታው ሲወጣ የሚሸተን ሌላው ጭስ ነው። ስለዚህ «አሁን አይሸተኝም፣ አደጋ የለውም» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሰውን የሚገድለው እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ ወደ ሰውነታችን የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህንን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ሰውዬው ይተነፍሳል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን አያገኙም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። ነቅቶ ያለ ሰው ምናልባት አንድ ነገር ይጠረጥር ይሆናል። የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው በዚያው ይቀራል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ።

ከሰል ያው ነው። በክረምት የከሰል ምድጃ አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ በአገራችን ያልሰማ የለም። የጄኔሬተር ጋዝ ያው የከሰሉ ጋዝ ነው፤ ልዩነቱ መብዛቱ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚገልጸው አንዲት ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች የሚያወጡትን ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ልታወጣ ትችላለች። በዚያው አገር በየዓመቱ በአማካይ 100 ያህል ሰዎች በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ። መሣሪያው የተሟላ፣ ሕጉ የጠበቀ አገር ላይ እንዲህ ከሆነ እኛማ እንዴት ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን?

አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ከባድ ቅዝቃዜ መጥቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት አጡ። በሂዩስተን ከተማ የሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብም ቤቱ ጨለመበት፣ ቀዘቀዘበትም። ሙቀት ለማግኘትና ስልክ ለመሙላት ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪናቸውን አስነሱ። ጭሱ ወደ ቤት ገባ። እናትና የ7 ዓመት ሴት ልጅዋ ሞቱ፤ አባትና ወንድ ልጁ ከብዙ ሥቃይ በኋላ ተረፉ። በዚያ ሳምንት በቴክሳስ በዚህ ጋዝ ተመርዘው ወደ ሕክምና የሄዱ ሰዎች ከ1,400 በላይ ነበሩ። መኪናም ሆነ ጄኔሬተር፣ ሞተር ሞተር ነው። ያ ቤተሰብ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ አልነበረም። ልጆቹን ከብርድ ለማዳን ነው የተነሳው። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቀደር ነው» ማለት መቼ ነው?

በአደጋ ጊዜ ብዙዎቻችን የምንቸኩልበት ቃል «የአላህ ቀደር ነው» የሚለው ነው። በቀደር ማመን የኢማን መሠረት መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ቀደር ላደረግነው ቸልተኝነት መሸፈኛ አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውን ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳዘዙት በቲርሚዚ ዘገባ የምናውቀው ነው፤ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነው የነገሩት። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመለሱ። «ከአላህ ቀደር ነው የሚሸሹት?» ተብለው ሲጠየቁም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እየሄዱ መሆኑን ነው የመለሱት።

ስለ እሳትማ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ አስተምረውናል። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ ተቃጥሎ ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን፣ ስንተኛም ማጥፋት እንዳለብን አዘዙ። በሌላ ሐዲስ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል እንደምትችል አስጠንቅቀዋል። ልብ በሉ! አይጥ እንኳ ልታደርግ የምትችለውን አስበው ነው ያስጠነቀቁን። ታዲያ ለኩራዝ ክር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ሌሊቱን ሙሉ ለሚጮህ የቤንዚን ሞተር ምን ያህል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ሰው ተኝቶ ጄኔሬተር አይሠራም። ስትተኙ አጥፉት። ጨለማ አይገድልም።

የት እናስቀምጠው?

ጄኔሬተር ምንጊዜም ቦታው ውጭ ነው። ሳሎን አይደለም፤ ጓዳ አይደለም፤ ማድ ቤት አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ አይደለም፤ እኔ እንዳደረግሁት በረንዳ ሥርም አይደለም። «መስኮት ከፍቻለሁ»፣ «በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚለው አያድንም፤ ጋዙ ከሚወጣው በላይ ይገባልና። ከጠፋ በኋላም ቤት ውስጥ የገባው ጋዝ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

ከቤቱ በትንሹ 6 ሜትር ይራቅ። በትልቅ ሰው እርምጃ ስምንት ያህል ማለት ነው። ማርሚታው ፊቱን ከቤቱ ያዙር። ከበር፣ ከመስኮትና ከጣሪያ ሥር ካለ ክፍተት ይራቅ። የቆርቆሮ ቤቶቻችን በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ክፍት መሆናቸውን አትርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከእኔ መስኮት ስምንት እርምጃ ሲርቅ ወደ ጎረቤቴ መስኮት ስንት እርምጃ ቀረ? በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜ፣ በሆሳዕናም ሆነ በአንጋጫ ከተማ ውስጥ ግቢዎቻችን ጠባብ ናቸው። የእኛ ጓሮ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የጎረቤትን ሐቅ እንዴት እንዳጠበቁት ታውቃላችሁ። ይህ ሐቅ ሙስሊም ለሆነውም ላልሆነውም ጎረቤት ነው። ጎረቤታችን ከእኛ ጋር መብራቱን አይካፈልም፤ ጭሱን ግን ይካፈላል። ይህ ፍትሕ ነው? ቦታ ከሌለን አለማስነሳት፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ ለሁለቱም በሚርቅ ቦታ አስቀምጦ መብራቱን መጋራት ይሻላል። ባንዲት ገመድ አንድ አምፖል ለጎረቤት መስጠት ሶደቃ አይደለምን?

ስለ ዝናቡስ? ጄኔሬተርና ውኃ አይስማሙም፤ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መፍትሔው ግን ወደ ቤት ማስገባት አይደለም። ከቤት ርቆ፣ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በአራት ቋሚ ላይ የተመታ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል። መሬቱ ደረቅና ከፍ ያለ ይሁን። በእርጥብ እጅ፣ በተለይ ውዱእ አድርገን ሳናደርቅ፣ አንንካው።

ቤንዚኑና እሳቱ

በየመንገዱ በውኃ ላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ገዝተን አልጋ ሥር የምናስቀምጥ አለን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ምድጃው ጋ ይደርሳል። እሳቱ ቤንዚኑን ፍለጋ አይመጣም፤ ቤንዚኑ ነው እሳቱን ፍለጋ የሚሄደው። የሣር ክዳን ባለበት ግቢ ደግሞ አንድ ቤት ከተነሳ የሚቆም አይደለም። ስለዚህ ቤንዚን ለቤንዚን በተሠራ፣ በሚገጥም ክዳን በሚዘጋ ዕቃ፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። በውኃ ላስቲክ የተቀመጠ ቤንዚን ውኃ መስሎት የጠጣ ልጅ ስንት ነው?

ሞተሩ እየሠራ ወይም ገና እንደጠፋ ቤንዚን አይሞላም። የጋለ ማርሚታ ላይ አንድ ጠብታ ከወደቀች ይበቃል። አጥፉት፤ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በቀን ብርሃን ወይም በባትሪ መብራት ሙሉት። በሻማ ወይም በክብሪት እያበሩ መሙላት እብደት ነው።

ባለ ሁለት ስፒና ገመድ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ጄኔሬተሩን ከቤት መስመር ጋር ለማገናኘት በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ አሠርተው አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰኩ አሉ። «ቤቱ ሁሉ በራ» ብለው ይደሰታሉ። የሚሆነውን ግን አያዩም። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ ውጭው መስመር ይወጣል። ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲደርስ፣ ከላይ መጥቶ ወደ ቤታችን ሲገባ የነበረው በተቃራኒው ይሆናል፤ ትንሹ ኃይል ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያድግ ይችላል። በዚያ ሰዓት የመብራት ኃይል ሠራተኛው «መስመሩ ተዘግቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የእኛኑ መብራት ለመመለስ ይለፋል።

ይህ ሰው የሚጠብቁት ልጆች አሉት። እኛን ሊረዳ ወጥቶ በእኛ ገመድ ቢሞት ማን ገደለው እንበል? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ኒሳእ በስህተት የጠፋ ነፍስ እንኳ ካሣና ከፋራ እንዳለው ደንግጓል፤ ሸሪዓችን «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ሰምቶ ብቻ አያልፍም። አውቆ ቸል ያለውማ እንዴት ይሆን? መብራት በድንገት ሲመጣም ጄኔሬተሩ ሊቃጠልና ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የምንፈልገውን አምፖል ወይም ዕቃ በጥሩ ኤክስቴንሽን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ማብራት ነው። ሁለተኛው ቤቱን ሁሉ ማብራት ከተፈለገ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርቶ ቼንጅ ኦቨር የሚሉትን ማዞሪያ ማስገጠም ነው። ይህ ማዞሪያ ቤቱን ወይ ከመብራት ኃይል ወይ ከጄኔሬተር ጋር ያገናኛል፤ ከሁለቱም ጋር ባንድ ጊዜ አያገናኝም። የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው ሰው ያከመ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል። እኔ ከዚህ የምረዳው ኤሌክትሪክ ሳይማሩ የሰው ቤት የሚቀጥሉ ወንድሞቻችንም ራሳቸውን ሊፈትሹ እንደሚገባ ነው።

በናስትሮ የተጠጋገነ ገመድ፣ ምንጣፍ ሥር የሚያልፍ ገመድ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ገመድ አደጋ ነው። ከአቅሙ በላይም አንጫነው። ብዙ የእንጀራ ምጣዶች ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባሉ፤ በየቤቱ ያለችው ትንሽ ጄኔሬተር ግን ይህን አትችልም። አምፖል፣ ስልክ፣ ሬዲዮ ይበቃታል። ለአምፖልና ለስልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ይሻላል፤ አይጮህም፣ አያጨስም፣ ቤንዚን አይጠይቅም።

ሰው ቢታመም

ጄኔሬተር ወይም ከሰል ባለበት ቤት ባንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው ራሱን ካመመው፣ ከዞረበት ወይም ካስመለሰው ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ጋዙን ጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጡ። ሞተሩን አጥፉ። በሩንና መስኮቱን ክፈቱ። ወተት በመጋት፣ ሎሚ በማሽተት ጊዜ አታጥፉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሩ። በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ሩቅያም ዱዓም እናደርጋለን፤ ነገር ግን መኪናው ውስጥ እየሄድን።

አንድ ነገር አደራ። ሐኪሙን «ጄኔሬተር ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህንን ጋዝ ከኦክስጅን አይለየውም፤ ሰውዬው እየሞተ ቁጥሩ ደህና ሊያሳይ ይችላል። እናንተ ካልተናገራችሁ ሐኪሙም ሊሳሳት ይችላል።

በውጭ ላላችሁ ልጆቻችን

ከሐዲያና ከከምባታ ወጥታችሁ በደቡብ አፍሪካ የምትኖሩ ልጆቻችን ብዙ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 እዚያም መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይጠፋ እንደነበር እናውቃለን። ፍሪጁ እንዳይበላሽ ጄኔሬተር አስነስታችሁ፣ ከሌባ ፍራቻ ሱቁን ከውስጥ ቆልፋችሁ እዚያው የምታድሩ አላችሁ። ለአላህ ብላችሁ ተጠንቀቁ! የሥጋና የወተት ኪሣራ ይተካል። እናታችሁ ስልክ የምትጠብቀው ድምፃችሁን ለመስማት ነው።

ለወላጆቻችሁም ጄኔሬተር ስትልኩ ወይም መግዣ ስትሰጡ ይህንን ጋዝ ሲለይ የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ማንቂያ አብራችሁ ላኩ። የጭስ ማንቂያ ሌላ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋግጡ። ደውላችሁም «ደረሰ ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ «የት አስቀመጣችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውድ አድማጮች፣ የህዳሴ ግድባችን በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሁላችንም ተደስተናል። ይሁን እንጂ ነፋስ ዛፍ ሲጥል፣ ምሰሶ ሲወድቅ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል መብራት መጥፋቱ አይቀርምና ጄኔሬተሩ ገና ከእኛ ጋር ይኖራል። ሁላችንም ጠባቂዎች ነን፤ ሁላችንም ስለምንጠብቀው እንጠየቃለን። ያቺን ገመድ ስቦ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው በዚያ ሰዓት የተኙት ልጆች፣ የግድግዳው ወዲያ ጎረቤትና ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሉ በእጁ ያሉ አማናዎች ናቸው። እኔ አንድ ሌሊት ይህን አማና ዘንግቼ አላህ በእዝነቱ አለፈኝ። እናንተ እንዳትዘነጉ ብዬ ነው ጥፋቴን በአደባባይ የነገርኳችሁ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጄኔሬተራችሁን ሂዱና እዩት። ስምንት እርምጃ ቁጠሩ። ያቺ ባለ ሁለት ስፒና ገመድ ካለችም በመቀስ ቁረጧት።

አላህ (ሱ.ወ) ቤታችንን፣ ልጆቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም አደጋ ይጠብቅልን። ሳያውቁ በዚህ መንገድ የሞቱትን ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸው ሶብርን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።